ሕዝቡ ቀድሞ የሄደባት ደሴት

(በአንድ የወጣቶች የውይይት ምሽት ላይ ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ዜግነትና ስለ ምርጫ እንድናገር ስትጋብዙኝ ስለ ራሳችን አገር የማወራ መስሏችሁ ይሆናል። ወደዚያ መድረሳችን አይቀርም። ዛሬ ግን አብዛኛውን ሰዓት የምናሳልፈው ሞሪሸስ ነው። ሥራ ወስዶኝ ኖሬባታለሁ። ከተመለስኩ በኋላም ወሬዋን መከታተል አልተውኩም። በነገራችን ላይ፣ ዓ.ም. ብዬ ካልጠራሁ በስተቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሞሪሸስ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚታየው የጫጉላ ሽርሽር ነው። ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ባሕር። ውሸት አይደለም። የአገሪቱ ሰው ቤት ብትገቡ ግን የምትሰሙት ወሬ ሌላ ነው። ፖለቲካ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ፖለቲካ፣ ሰርግ ላይ ፖለቲካ፣ ለቅሶ ቤትም ፖለቲካ። የአገሪቱ ስፋት 2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ የአዲስ አበባ አራት እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ሕዝቧ 1.2 ሚሊዮን አካባቢ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ሚኒስትሩ የጎረቤትህ የአክስት ልጅ ነው። የፓርላማ አባሉን ደግሞ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ታውቀዋለህ። መከላከያ ሠራዊት የላትም፤ ፖሊስ ብቻ ነው ያላት።

ሰዉ ሁሉ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ደሴቲቱ ነባር ሕዝብ አልነበራትም። ፈረንሳዮች ከማዳጋስካርና ከሞዛምቢክ ባሪያ አመጡ። እንግሊዞች በ1810 ያዟት። በ1835 ባርነት ሲቀር ባለ እርሻዎቹ ለሸንኮራ አገዳው በኮንትራት የሚሠራ ሰው ከሕንድ ማስመጣት ጀምረው ነበር። በዋና ከተማዋ በፖርት ሉዊስ ወደብ ላይ አፕራቫሲ ጋት የሚባል ቦታ አለ። ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕንዳዊ በዚያ የድንጋይ ደረጃ በኩል አልፏል። ከዚያ የቻይና ነጋዴዎች ጨመሩ። ዛሬ በአንድ መንገድ ላይ ቤተ መቅደስ፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ታያላችሁ።

የማምንበትን ከወዲሁ ልናገር። ሞሪሸስ ውስጥ ተራው ሰው ከፖለቲከኞቹ ቀድሞ ሄዷል። ፖለቲካው ግን የዛሬ ስልሳ ዓመት ገደማ በፍርሃት የተዘጋጀ ቅጽ ላይ እንደቆመ ነው። ይሄ ያሳስበኛል። እናንተንም ሊያሳስባችሁ ይገባል።

ነጻነት ሲቃረብ ፍርሃት መጣ። ሒሳቡ ቀላል ነበር። ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሂንዱ ነው። አንድ ሰው አንድ ድምፅ ከሆነ እኛን ምን ይውጠናል ያሉ ብዙ ነበሩ። ሙስሊሙ ፈራ። ከባሪያ የሚወለደው ክሪዮል ፈራ። ቻይናዊው ፈራ። ቁጥሩ ትንሽ ሀብቱ ብዙ የሆነው የፈረንሳይ ዘርም ፈራ። በ1965 ፖለቲከኞቻቸው ለንደን ላይ፣ ላንካስተር ሃውስ፣ ተሰብስበው ተከራከሩ። በዚያው ሰሞን እንግሊዝ የቻጎስ ደሴቶችን በ3 ሚሊዮን ፓውንድ ከሞሪሸስ ገንጥላ አስቀረች። የቻጎስን ሰዎች የጠየቃቸው አልነበረም። ኋላ ከቤታቸው ተነቅለው ብዙዎቹ ፖርት ሉዊስ ዳርቻ ላይ ተጣሉ። ውሾቻቸው እንኳ ተገደሉ። በ2025 እንግሊዝ ደሴቶቹን ለሞሪሸስ ለመመለስ ስትፈርም፣ ከደሴቶቹ በአንዷ በዲዬጎ ጋርሲያ ያለው የጦር ሰፈር ለ99 ዓመት በኪራይ እንዲቆይ ተስማሙ። ያኔም ከቻጎስ ተወላጆች ብዙዎቹ አሁንም ማንም አልጠየቀንም አሉ። ቻጎስ ለብቻው ሌላ ምሽት ይፈልጋል።

ወደ ፍርሃቱ ልመለስ። በ1967ቱ ምርጫ ነጻነትን የተቃወመው ፓርቲ ከ40 በመቶ በላይ ድምፅ አገኘ። በጃንዋሪ 1968 ፖርት ሉዊስ ውስጥ በሙስሊምና በክሪዮል ሰፈሮች መካከል ግጭት ተነሣ። ከ20 በላይ ሰው ሞተ። ቤተሰብ ዕቃውን ጭኖ ሰፈር ቀየረ። የእንግሊዝ ወታደር ተጠርቶ ገባ። ነጻነት የታወጀው ከዚያ ሁለት ወር እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ነው፤ ማርች 12 ቀን 1968። ዛሬ የምነቅፈውን ሥርዓት የሠሩት ሰዎች ይሄ ሁሉ ከፊታቸው ነበር። እሱን ሳላነሣ ብወቅሳቸው ግፍ ይሆንብኛል።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ዋናዋ ደሴት በ20 የምርጫ ክልል ተከፍላለች። ከእያንዳንዱ ሦስት ሰው ይመረጣል። ሮድሪገስ የምትባለው ራቅ ያለች ደሴት ሁለት ትልካለች። ድምሩ 62 ነው። መራጩም ሦስት ድምፅ አለው፤ የሚፈልጋቸው ስሞች ላይ ምልክት ያደርጋል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ከዚያ “ምርጥ ተሸናፊ” የሚባለው ይመጣል። ከተሸነፉት እጩዎች ውስጥ ደህና ድምፅ ያገኙ እስከ ስምንት ሰዎች ፓርላማ ይገባሉ። የሚገቡት ግን በድምፃቸው ብቻ አይደለም። ከየማኅበረሰቡ ስንት ሰው ተመረጠ፣ ማን አነሰ ተብሎ ተሰልቶ ነው።

ስሌቱ እንዲሠራ እጩው ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ስለዚህ ለእጩነት የሚመዘገብ ሰው ቅጽ ይሰጠዋል። ስሙን ይሞላል። አድራሻውን ይሞላል። ከዚያ ማኅበረሰብ የሚል መስመር ይጠብቀዋል። ያለው ምርጫ አራት ነው፦ ሂንዱ፣ ሙስሊም፣ ቻይናዊ ሞሪሸሳዊ፣ አለዚያም “አጠቃላይ ሕዝብ”። ሞሪሸሳዊ ነኝ ብሎ ማለፍ አይቻልም። በ2010 ምርጫ ከመቶ በላይ ሰዎች ያንን መስመር አንሞላም ስላሉ ከእጩነት ተሰረዙ። አስቡት። የአገሩ ፓስፖርት በኪሱ ያለ ሰው፣ አገሩን ለማገልገል መጥቶ፣ አገሬ ብቻ ይበቃኛል ስላለ ተመለሰ።

አራተኛው ሣጥን ደግሞ ጉድ ነው። ሕገ መንግሥቱ የሚለው፣ በአኗኗሩ ከሦስቱ የአንዱ የማይመስል ሰው ሁሉ አጠቃላይ ሕዝብ ነው። በዚህ አባባል የባሪያው የልጅ ልጅና የባሪያ አሳዳሪው የልጅ ልጅ አንድ ሣጥን ውስጥ ገቡ። አንዱ ቆርቆሮ ቤት ይኖራል፤ ሌላው የስኳር ርስት ወርሷል። የፓርላማ ወንበር ሲሰላ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። ከሀብታሙ ቤተሰብ አንድ ሰው ከተመረጠ የድሃው ክሪዮል ድምፅ እንደተወከለ ይቆጠራል። ይሄን የጻፈ ሰው ድሃውን ለመጠበቅ አስቦ ነው ብትሉኝ ለማመን ይቸግረኛል።

ሌላም አለ። ስሌቱ የሚሠራው በሕዝብ ቆጠራ ነው። የትኛው ቆጠራ? የ1972ቱ። ከዚያ ወዲህ ቆጠራው ማኅበረሰብህ ምንድን ነው ብሎ ጠይቆ አያውቅም። በ1982 የመጣው መንግሥት ጥያቄውን ከቆጠራው አወጣ፤ ይሄን በማድረጉ አደንቀዋለሁ። ግን የምርጫ ሕጉን አልነካውም። የ1972ቱ ቁጥር ለዘለዓለም እንዲያገለግል ተደረገ። ያኔ የተቆጠሩት ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ልጆቻቸው ተጋብተዋል፣ ተዋልደዋል፣ ሃይማኖት ቀይረዋል፣ አውስትራሊያና ፈረንሳይ ሄደዋል። ወንበር የሚታደለው ግን በሟቾቹ ቁጥር ነው። በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚቴ የቀረበለትን አቤቱታ ተመልክቶ፣ ያረጀ ቁጥር ይዞ እጩን ማኅበረሰብህን ተናገር ማለት ተገቢ አይደለም ብሎ ወሰነ። መንግሥት በ2014 ለአንድ ምርጫ ብቻ የሚሠራ ማሻሻያ አወጣ። ለዚያ ዙር መስመሩን ባዶ መተው ተፈቀደ። ከዚያ ነገሩ ወደ ነበረበት ተመለሰ።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ፤ ብዙም አልቆይም። የኛም የመጨረሻ ሕዝብ ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው። በእሱ ቁጥር ስንከራከር ስንት ዓመት ሆነን። በቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር የሚል መስመር ነበረ፤ ምን ልጻፍ ብሎ እስክሪብቶ ይዞ የቆመ ሰው በየቤታችን አለ። ፋይዳ ላይ ያ መስመር የለም፤ እኔ ደስ ብሎኛል። ሕገ መንግሥታችንም ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ብሔረሰቦች በምክር ቤቱ ቢያንስ 20 መቀመጫ ይሰጣል። ይሄ መኖሩን አልቃወምም። ትንሹን መጠበቅ ተገቢ ነው። የምቃወመው፣ ለመጠበቅ ተብሎ የተጀመረ መዝገብ ሰውን ሁሉ ወደ መዝገቡ የሚያስገባ ሲሆን ነው። የሞሪሸስና የኛ ታሪክ አንድ አይደለም። እዚያ በስድሳዎቹ የታየው ደም እኛ ካየነው ጋር አይወዳደርም። ቢሆንም ቅጹን ስታዩት ታውቁታላችሁ።

የዚህ ሒሳብ ክፋቱ ስምንቷ ወንበር ላይ አለመቆሙ ነው። ሒሳቡ ወደ ፓርቲዎቹ ቢሮ ገባ። በዚህ የምርጫ ክልል ስንት ሙስሊም አለ? እዚያኛው የሚበዛው የትኛው ነው? ከሂንዱም የትኛው ዘር? አዎ፣ ዘር፤ ከሕንድ ተጭኖ የመጣ፣ ካስት የሚባል የዘር ደረጃ በአደባባይ ማንም አያነሣውም፣ የእጩ ዝርዝር ሲወጣ ግን ሁሉም ጣቱን እያጠፈ ይቆጥራል። ሦስት ወንበር ላለው ክልል ሦስት እጩ ሲቀርብ የማን ልጅ ከማን ልጅ ጋር እንደተጣመረ ሕፃን ልጅ ያስረዳችኋል። በ1969 የተመሠረተው ኤምኤምኤም የሚባለው ፓርቲ የመጣው ይሄን ሊሰብር ነበር። የዘር ትግል ይብቃ፣ የመደብ ትግል ይምጣ አሉ። ወደብ ሠራተኛውን፣ ሸንኮራ ቆራጩን በአንድ አሰለፉ። መሪዎቹ ታሰሩ፤ መካሄድ የነበረበት ምርጫ እስከ 1976 ተገፋ። በ1976 ከማንም ፓርቲ በላይ ወንበር አገኙ። ትውልዱን ያነቃቃ ነገር ነበር። ውሎ አድሮ ግን እነሱም ያው ሒሳብ ውስጥ ገቡ። በጣም አዝናለሁ፤ ምክንያቱም የተሻለ ዕድል የነበራቸው እነሱ ነበሩ።

ከነጻነት ወዲህ ሂንዱ ያልሆነ ጠቅላይ ሚኒስትር አንድ ብቻ ነው፤ የዚሁ ፓርቲ መሪ ፖል ቤራንዤ፣ ከ2003 እስከ 2005። እሳቸውም የመጡት በስምምነት ነው። ሦስት ዓመት አንተ፣ ሁለት ዓመት እኔ ተባብለው።

በ1999 ደግሞ ሣጥኑ ከውስጡ ፈነዳ። ካያ የሚባል ዘፋኝ ነበር። የሞሪሸስን ሴጋ ከሬጌ ጋር አዋሕዶ ሴጌ የሚባለውን ሙዚቃ ያስፋፋ ልጅ ነው። ራስ ተፈሪያን ነበር፤ የእኛን ንጉሥ ስም የሚጠራ ማለት ነው። በአደባባይ ኮንሰርት ላይ ሐሺሽ አጨሰ ተብሎ ተያዘ። ከጥቂት ቀን በኋላ በእስር ክፍሉ ሞቶ ተገኘ። ክሪዮል ሰፈሮች ነደዱ። ለቀናት አገሪቱ ቆመች፤ ሰው ሞተ፣ ሱቅ ተዘረፈ፣ ቁጣው ወደ ማኅበረሰብ ግጭት ሊዞር ጫፍ ደረሰ። ያኔ ፕሬዚዳንት የነበሩት ካሳም ኡቲም፣ ሙስሊም ናቸው፣ ሕዝቡን ለማረጋጋት ብዙ ደከሙ። ለእኔ የ1999 ትምህርት ይሄ ነው፦ አጠቃላይ ሕዝብ የሚለው ሣጥን ለክሪዮሉ ድሃ ምንም አላመጣለትም። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ተወክለሃል ሲባል ኖረ። ቤት አልነበረውም፤ ትምህርት ቤት ልጁን ይጥልበት ነበር።

ስለ ቤተሰቦቹ ደግሞ በአጭሩ። ከ1968 ጀምሮ በጠቅላይ ሚኒስትርነት ወንበር የተቀመጡት ሦስት የቤተሰብ ስሞች ብቻ ናቸው፤ ራምጉላም፣ ጁግኖት፣ ቤራንዤ። አባት ራምጉላም፣ ልጅ ራምጉላም። አባት ጁግኖት፣ ልጅ ጁግኖት። በጃንዋሪ 2017 አባት ጁግኖት ከሥልጣን ለቀቁና ልጃቸው ፕራቪንድ ያለ ምርጫ ተተኩ። በሕጉ ስሕተት አልነበረበትም፤ ፓርላማው ውስጥ አብላጫ የነበራቸው እነሱ ናቸው። ሰዉ ግን የአባትና የልጅ ውል ብሎ ጠራው፤ እስከ ዛሬም ይቆረቁረዋል። እኔ የማየው እንዲህ ነው። መሪ የሚመረጠው በማኅበረሰብ ከሆነ፣ የማኅበረሰቡ ትልቅ ቤት ቀድሞ ይታያል። የቤተሰብ ፖለቲካና የሣጥን ፖለቲካ ተለያይተው አያውቁም።

ሜይ 1 ቀን ሞሪሸስ ብትሆኑ ይሄን በዓይናችሁ ታያላችሁ። የሠራተኞች ቀን ነው፤ ፓርቲዎቹ ግን ጉልበታቸውን የሚያሳዩበት ቀን አድርገውታል። ከየመንደሩ አውቶቡስ ይመጣል። ብርቱካናማ የለበሰ ለአንዱ፣ ቀይ የለበሰ ለሌላው፣ ሐምራዊ የለበሰ ለሦስተኛው። ምሳ ይታደላል፤ ብዙ ጊዜ ቢሪያኒ ነው። ንግግሩ ሳያልቅ አውቶቡሶቹ ወደ ባሕር ዳርቻ ይሄዳሉ። እዚያ ሦስቱም ቀለም አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። አያቶች፣ ልጆች፣ ሬዲዮ፣ ድስት። ሰዉ ፓርቲውን እንደ ሥራ ሳይሆን እንደ ዘመድ ነው የሚይዘው። ጎረቤቴ የነበሩት ጡረተኛ አስተማሪ ዕድሜያቸውን በሙሉ ለአንድ ቀለም የመረጡ ሰው ናቸው። የቅርብ ወዳጃቸው የሌላው ቀለም ሰው ነች። ሻይ ሲጠጡ ይሟገታሉ፣ ማታ ምግብ ይላላካሉ። አገሪቱን ያቆማት ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ሕጉ አይደለም።

አሁን ዋናውን ነገር ላንሣ። በጁላይ 25 ቀን 2020 ዋካሺዮ የሚባል የጭነት መርከብ በደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ፕዋንት ዴስኒ አጠገብ፣ ኮራል ላይ ወጥቶ ተቀረቀረ። ከባሕር ዳርቻው ቆመህ ታየዋለህ። ቀናት አለፉ። ሰው ይጠይቃል፤ መልሱ ሁሉም በቁጥጥር ሥር ነው የሚል ነው። በኦገስት 6 ነዳጁ መፍሰስ ጀመረ። ወደ 1,000 ቶን የሚጠጋ ጥቁር ዘይት ወደዚያ ሰማያዊ ውሃ ገባ። ዓሣ አጥማጁ የሚኖርበት ውሃ ነው። አካባቢው የማንግሮቭ ዛፍና ጥበቃ የሚደረግለት እርጥብ መሬት ያለበት ነው።

ሰዉ ምን አደረገ መሰላችሁ? ማኤቡርግ ከተማ ባሕር ዳር ተሰበሰበ። ማንም አልጠራውም። ከእርሻ የደረቀ የሸንኮራ አገዳ ቅጠል በጭነት መኪና መጣ። ሴቶች ጨርቅ ረዘም አድርገው እንደ ከረጢት ሰፉ። ቅጠሉ ውስጥ ተጠቀጠቀ። እንዲንሳፈፍ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ታሰረበት። ሠላሳ አርባ ሰው በትከሻው ተሸክሞ ወደ ውሃ አወረደው፤ ዘይቱን እንዲያግድ። ፀጉር ዘይት ይመጥጣል ስለተባለ ፀጉራቸውን ተቆርጠው የሰጡም ነበሩ። እጃቸው እስከ ክርናቸው ጠቁሯል። መንግሥት ለባለ ሥልጣናት ተዉት፣ ከባሕሩ ራቁ አለ። አልሰሙትም። ሂንዱዋ ትሰፋለች፣ ሙስሊሙ ይሸከማል፣ ክሪዮሉ ዓሣ አጥማጅ በጀልባው ይጎትታል። አንተ ከየትኛው ማኅበረሰብ ነህ ብሎ የሚጠይቅ ቅጽ እዚያ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ይህች አገር በአራት ሣጥን ትታያለች የሚለኝን ሰው አልሰማም።

በኦገስት 29 ፖርት ሉዊስ ላይ ሰልፍ ወጣ። ጥቁር የለበሰ፣ ባለ አራት ቀለሙን ባንዲራ የያዘ ሕዝብ መንገዱን ሞላው። በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። የፓርቲ ቀለም ሳይሆን የአገር ቀለም ነበር። እንዲህ ያለ ሰልፍ ለአሥርተ ዓመታት አልታየም። በሰላም ወጥቶ በሰላም ገባ። መንግሥት ግን አልወረደም፤ ሰዉ አራት ዓመት ጠበቀ። ይሄ ትዕግሥት ያስቀናኛል።

ከዚያ ኦክቶበር 2024 መጣ። ምርጫ ሊደረግ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ “ሚስዬ ሙስታስ” በሚል ስም የተቀዳ የስልክ ንግግር በማኅበራዊ ሚዲያ መውጣት ጀመረ። የፖለቲከኛ፣ የጋዜጠኛ፣ የጠበቃ፣ የፖሊስ ሹም። ዲፕሎማት ሳይቀር። ከመንግሥት ወገን ድምፁ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተቀነባበረ ነው የሚል መልስ ተሰጠ። ሰው ግን የገዛ ጓደኛውን ድምፅ ያውቃል። ትንሽ አገር ናት ብያችኋለሁ። ከዚያ ለምርጫው አሥር ቀን ገደማ ሲቀር ማኅበራዊ ሚዲያ እስከ ኖቬምበር 11 እንዲዘጋ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አዘዘ። ምርጫው ኖቬምበር 10 ነው። ሚዲያ ተዘግቶ ምርጫ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አላስረዳም፤ ቪፒኤን የሚለውን ቃል ያልሰማ እዚህ የለም። ሞሪሸስ ግን አልለመደችውም። ጋዜጠኛው ጮኸ፣ ነጋዴው ጮኸ፣ ተቃዋሚው ጮኸ። በአንድ ቀን ውስጥ ትእዛዙ ተነሣ። እኔ ከዚያ ምርጫ ከውጤቱ ይልቅ የምወደው ይቺን ቀን ነው። መንግሥት አፈረና መለሰው።

ውጤቱን ታውቁት ይሆናል። ተቃዋሚው ጥምረት 62 በመቶ ገደማ ድምፅ አገኘና በዋናዋ ደሴት ያሉትን 60 ወንበሮች በሙሉ ወሰደ። ገዢው 27 በመቶ ገደማ አግኝቶ በቀጥታ ምርጫ አንድም አላገኘም። ፕራቪንድ ጁግኖት የራሳቸውንም ወንበር አጡ። በማግሥቱ ቆጠራው ሳያልቅ መሸነፋቸውን ተናገሩ፤ ሥልጣኑ ተሻገረ። ይሄን ማድረግ ያልቻሉ አገሮች ብዙ ስለሆኑ ቀላል ነገር አድርጌ አላልፈውም።

ደስታዬ ግን ሙሉ አይደለም። 60 ለዜሮ ለሞሪሸስ አዲስ አይደለም። በ1982 ሆኗል፣ በ1995 ሆኗል። የ1982ቱ ጥምረት ዓመት ሳይሞላው ተሰነጠቀና በ1983 ሌላ ምርጫ ተደረገ። የ1995ቱ በ1997 ፈረሰ። ሲቀጥል፣ ከአራት መራጭ አንዱ የመረጠው ወገን ፓርላማ የገባው በምርጥ ተሸናፊ በር ብቻ ነው። የተቃዋሚው መሪ ራሳቸው በዚያ በር ነው የገቡት። አያችሁ ችግሩን? ይሄ የማልወደው ሥርዓት ባይኖር ፓርላማው ያለ ተቃዋሚ ሊቀር ነበር ማለት ነው። እኛም በ2007 ዓ.ም. ምርጫ 547ቱን መቀመጫ በሙሉ ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ሲወስዱ አይተናል። ያ ምርጫ የተካሄደበት ሁኔታ ፈጽሞ ሌላ ነው። ተቃውሞ የማይሰማበት ምክር ቤት ምን እንደሚመስል ግን እናውቃለን።

ለዚህ ነው ምርጥ ተሸናፊ ዛሬውኑ ይሰረዝ የማልለው። በምትኩ የሚገባው ነገር ቀድሞ መምጣት አለበት። እሱም ተጽፎ ተቀምጧል። በ2002 በደቡብ አፍሪካዊው ዳኛ አልቢ ሳክስ የሚመራ ኮሚሽን፣ 62ቱ ወንበር እንዳለ ሆኖ 30 ወንበር ፓርቲዎች ባገኙት ድምፅ መጠን ይጨመር፣ የማኅበረሰብ ስሌቱም ይቅር ብሎ ነበር። ትንሹ ይጠበቃል፤ ግን ስምህ በሣጥን ሳይሆን ድምፅህ በመጠኑ። በ2018 ሌላ ረቂቅ ቀርቦ ሕገ መንግሥቱን ለመለወጥ የሚያስፈልገው የፓርላማው ሦስት አራተኛ ድምፅ ስላልነበረለት ሳያልፍ ቀረ። ከዚያ በፊት ከነበሩት መንግሥታትም የአንዳንዶቹ ሰበብ ያው ነበር፤ ሦስት አራተኛው የለንም።

የዛሬዎቹ አላቸው። ከሚፈለገው በላይ አላቸው። ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ልጅየው ናቪን ራምጉላም ሲመረጡ 77 ዓመታቸው ነበር፣ ምክትላቸው ሆነው የገቡት ቤራንዤ 79። ሁለቱም ይሄን ጥያቄ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። ለሌላ ነገር ቁጥራቸውን ሲጠቀሙበትም አይተናል። በጁን 2025 በጀት የመሠረታዊ ጡረታ መነሻ ዕድሜ ከ60 ወደ 65 ቀስ በቀስ እንዲወጣ ወሰኑ። ይሄ ጡረታ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለሁሉም አረጋዊ፣ ሀብታም ድሃ ሳይባል የሚከፈል ነው። ሰዉ የኔ የሚለው መብት ነው። የዕዳው ጫና ከባድ መሆኑን እቀበላለሁ፤ የአገሪቱ ዕዳ ከዓመታዊ ምርቷ ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረውም። ግን ምርጫ ቅስቀሳ ላይ ያልተነገረ ነገር ነው። ሠራተኛው ማኅበር አደባባይ ወጣ። ለ59 ዓመቷ የፋብሪካ ሠራተኛ ይሄን ያህል ከባድ ውሳኔ ለመወሰን ድፍረት ካገኙ፣ አንዲት መስመር ከቅጽ ላይ ለመሰረዝ ድፍረት አጣን ሊሉ አይችሉም።

አንድ ነገር ደግሞ ያስፈራኛል። ናቪን ራምጉላም በ2014 ተሸንፈው ሲወርዱ በተከታዩ ፌብሩዋሪ ተያዙ። ፕራቪንድ ጁግኖት በ2024 ተሸንፈው ሲወርዱ እሳቸውም በተከታዩ ፌብሩዋሪ ተያዙ፤ በዋስ ወጡ። ሁለቱም ጥፋት የለብኝም ብለዋል። በሕዝብ ገንዘብ የተጠረጠረ ሰው ይጠየቅ፤ በዚህ አልደራደርም። ግን መርማሪው የሚነቃው መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ከሆነ፣ ዜጋው ፍትሕ ነው ወይስ ተራ መለዋወጥ ነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሥልጣን ላይ ያለን ሰው በሥልጣኑ ጊዜ የሚመረምር መሥሪያ ቤት ሞሪሸስም ገና አልሠራችም።

እንግዲህ የምከታተለው ይሄን ነው። በሚቀጥለው ምርጫ፣ በእጩ ምዝገባው ቀን፣ አንዲት ወጣት ቅጹ ተሰጥቷት ማኅበረሰብ የሚለው መስመር አሁንም ካለ፣ 60 ወንበር የያዙት ሰዎች ለምን እንዳልሰረዙት በስማቸው ተጠርተው መጠየቅ አለባቸው። እናንተም እዚህ አገር የምርጫ ሕግ ለውይይት ሲቀርብ ሙሉውን ካነበባችሁ በኋላ ቅጾቹን ደግሞ አንብቡ፤ ከሕጉ ጀርባ የሚያያዙት አባሪዎች ናቸው። ማንም የማያነባቸው እነሱን ነው። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።